ጭሱን ከቦታው ጋር ማንበብ፦ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር የሞተርን ችግር ስለመለየት



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከጋራዥ የመጣ ነው። ከመኪና ማርሚታ የሚወጣው ጭስ ስለ ሞተሩ ምን እንደሚናገር፣ ምንስ ሊናገር እንደማይችል ለማስረዳት እሞክራለሁ። ጉዳዩን በደፈናው ከማንሣት ይልቅ በአንድ መንገድ ላይ አድርጌ ላሳያችሁ መርጫለሁ። መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በደብረ ሲና አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደው፣ ከዚያም በአጣዬና በከሚሴ በኩል ወደ ደሴ የሚቀጥለው ነው።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረው የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሽንኩርት ወይም ማሾ ጭኖ ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ የሚነሣ አይሱዙ ከቆላ ሙቀት ወደ ውርጭ፣ ከወፍራም አየር ወደ ስስ አየር በአንድ ጉዞ ይሻገራል። የሞተር ፋብሪካዎች ይህን ለውጥ ለማጥናት የአየሩ ግፊት የሚቀነስበት ልዩ የመፈተኛ ክፍል ይሠራሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ማንኛውም ሾፌር በየሳምንቱ ፈተናውን ያካሂዳል። የጎደለው ውጤቱን የሚያነብ ሰው ነው።

የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ጭስ የታየበት ቦታ፣ ሰዓትና የሞተሩ ሥራ ሳይታወቅ በቀለሙ ብቻ ከተፈረደበት ጤነኛ ሞተር ያስወርዳል፤ የታመመውንም ያሳልፋል። አቀበቱና ቁልቁለቱ በአንድ በኩል ያሳስታሉ፤ ማንበብ ለሚያውቅ ግን ከማንኛውም መሣሪያ የረከሱ መመርመሪያዎች ናቸው።

ይህ ጉዳይ ከቤተ ሙከራ ውጭ ምን ፋይዳ አለው የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ሞተር ማውረድ ማለት ለአንድ የጭነት መኪና ባለቤት የሳምንታት ገቢ ማጣት፣ የቶርኖ ቤትና የመለዋወጫ ወጪ፣ አንዳንዴም ብድር ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለ ፖሊሲው ያለን አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ገና ለብዙ ዓመታት መሥራት አለባቸው። በትክክል መርምሮ ማቆየት የኑሮ ጥያቄ ሆኗል።

ጭስ ከየት ይመጣል?

በሞተር ውስጥ የሚቃጠለው ነዳጅ በዋናነት ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ቃጠሎው የተሟላ ከሆነ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ እንፋሎት ነው፤ ሁለቱም በሞቃት ጊዜ ለዓይን አይታዩም። ስለዚህ የሚታይ ጭስ ሁሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያመለክታል። አንደኛው ነዳጅ በቂ አየር አጥቶ ካርቦኑ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ሲወጣ ነው፤ ይህ ጥቁር ጭስ ነው። ሁለተኛው መቃጠል የሌለበት የሞተር ዘይት ወደ ቃጠሎ ክፍሉ ሲገባ ነው፤ ይህ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሦስተኛው የውኃ ወይም ያልተቃጠለ ነዳጅ ጥቃቅን ጠብታዎች ሲወጡ ነው፤ ይህ ነጭ ነው።

እስከዚህ ያለውን ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቁር ጭስ “አየር አነሰ ወይም ነዳጅ በዛ” ይላል እንጂ አየሩን ማን እንዳሳነሰው አይናገርም። ማጣሪያው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ተራራው ራሱም ሊሆን ይችላል።

ጥቁር ጭስ፦ ተራራው ሲከሰስ

ጥቂት ስሌት ልጠቀም። የአቀበቱን ጫፍ በደምሳሳው 3200 ሜትር ብንወስድ፣ በዚያ ያለው የከባቢ አየር ግፊት 68 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በሸዋ ሮቢት ከፍታ 87 ገደማ፣ በባሕር ጠለል ላይ 101 ነው። የሙቀቱን ልዩነት እንጨምርበት። በ30 ዲግሪ ሙቀት ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ10 ዲግሪ ጣርማ በር ላይ ክብደቱ 0.84 ኪሎ ግራም ይሆናል። ያው ሲሊንደር፣ በያው ፍጥነት፣ አቀበቱ ጫፍ ላይ 16 በመቶ ያነሰ አየር ይስባል ማለት ነው።

አሁን ቱርቦ የሌለውን፣ ነዳጁን በሜካኒካል ፖምፓ የሚያገኘውን የናፍጣ ሞተር እንመልከት። እንዲህ ያለው ፖምፓ ከፍታን የሚያስተካክል ክፍል ካልተገጠመለት በስተቀር የአየሩን መጠን አያውቅም፤ ሾፌሩ በረገጠው ልክ ይሰጣል። አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ይሁን እንጂ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጅና አየር የሚደባለቁበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ ትርፍ አየር ያስፈልጋል። በሙሉ ጭነት ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 እጥፍ አየር ከሌለ ጥቁር ጭስ መታየት ይጀምራል። በሸዋ ሮቢት በሙሉ ጭነት 20 እጥፍ አየር የነበረው ሞተር ጣርማ በር ሲደርስ 16.8 እጥፍ ብቻ ይቀረዋል። ምንም አካል ሳይበላሽ ያጨሳል።

እንግዲህ ሾፌሩ “መኪናዬ ጥቁር ታጨሳለች” ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ “የት?” የሚለው ነው። ከደብረ ሲና በላይ ብቻ፣ በከባድ ጭነት፣ በሙሉ ርግጫ ከሆነና ቆላ ሲወርድ የሚጠፋ ከሆነ ተከሳሹ ከፍታው ነው። መድኃኒቱም ማርሽ መቀነስ፣ ርግጫን ማላላትና ጭነትን መመጠን ነው። ገና ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ፣ በቀላል ጭነት የሚያጨስ ከሆነ ግን ችግሩ በሞተሩ ላይ ነው። ያን ጊዜ በቅደም ተከተል የአየር ማጣሪያውን፣ ቱርቦ ካለው ደግሞ የአየር ቱቦዎቹን፣ ቀጥሎ የነዳጅ መርጫ ኖዝሎቹን፣ በመጨረሻ ፖምፓውን እንመረምራለን። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከሚታየው ወደሚፈታው የሚሄድ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሊፈተን የሚችል አንድ ልማድ አለ። አቀበቱን ለማሸነፍ ሲባል የፖምፓውን የነዳጅ መጠን ከፍ ማድረግ ነው። ከላይ ያየነው ስሌት የዚህን ከንቱነት ያሳያል። ጣርማ በር ላይ የጎደለው አየር ነው፤ የተጨመረው ነዳጅ የሚቃጠልበት አየር ስለማያገኝ አብዛኛው ጥላሸትና ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ፒስተንና ቫልቮላ ይጎዳል፤ ጥላሸቱ ዘይቱን ያጠቁረዋል። ጉልበት የተገኘ የሚመስለው ቆላ ላይ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው ደጋ ላይ ነው።

የቤንዚን ሞተር ጉዳይ በሁለት ይከፈላል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ከፍታ ላይ ድብልቁ በራሱ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ምክንያቱም የሚሳበው ነዳጅ የሚቀንሰው አየሩ በሚቀንስበት ልክ ሳይሆን በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ልዩነቱ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ይሆናል። በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር አዲስ ሞተር ግን የአየሩን መጠንና በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ ነዳጁን ያስተካክላል። ስለዚህ ተራራው ለአሮጌው መኪና ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ለአዲሱ አይሆንም። አዲሱ ጣርማ በር ላይ ጥቁር ካጨሰ ሴንሰር ወይም ኢንጀክተር መመርመር አለበት። አንድ ዓይነት ጭስ፣ በአንድ ቦታ፣ በሁለት መኪናዎች ላይ ተቃራኒ ፍርድ ያሰጣል።

ሰማያዊ ጭስ፦ ቁልቁለቱ ሲመሰክር

ሰማያዊ ጭስ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ “ፋሻ ጨርሷል፤ ሞተሩ ይውረድ” የሚል ነው። ዘይት ወደ ቃጠሎ ክፍል የሚገባባቸው በሮች ግን ብዙ ናቸው። ከታች በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ይወጣል። ከላይ በቫልቮላው ዘንግ ዙሪያ፣ በላስቲክ ማኅተሙ በኩል ይንጠባጠባል። ቱርቦ ካለ በቱርቦው ማኅተም በኩል ሊገባ ይችላል። የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ወይም ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቶም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሞተር ያስወርዳል፤ የመጨረሻዎቹ የአንድ ከሰዓት ሥራ ናቸው።

እነዚህን ለመለየት ቁልቁለቱን እንጠቀም። አንድ የቤንዚን ሚኒባስ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በዝቅተኛ ማርሽ፣ እግርን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ፣ በሞተር እየተያዘ ሲወርድ የአየር በሩ ዝግ ነው፤ ፒስተኖቹ ግን በኃይል ይስባሉ። በአየር ማስገቢያው ውስጥ ትልቅ የግፊት ጉድለት ይፈጠራል፤ የደከመ የቫልቮላ ማኅተም ካለ ዘይቱ በዚያ በኩል እየተሳበ ይጠራቀማል። ቁልቁለቱ አልቆ ሾፌሩ እንደገና ነዳጅ ሲሰጥ የተጠራቀመው ዘይት አንድ ጊዜ ቡን ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ጭሱ ይጠፋል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ አጭሶ ካቆመም ምስክርነቱ ያው ነው። ይህ የማኅተም ሥራ እንጂ የፋሻ ሥራ አይደለም፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ሞተሩ ሳይወርድ ሊለወጥ ይችላል።

ፋሻው ያለቀ ሞተር ግን ምስክርነቱ የሚሰማው አቀበት ላይ ነው። ጭነት ሲጨምር ጭሱ ይጨምራል፤ አይቋረጥም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ትንፋሹ እየተገፋ ይወጣል፤ ምክንያቱም የቃጠሎው ጋዝ በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው። የናፍጣ ሞተር ብዙውን ጊዜ የአየር በር ስለሌለው የቁልቁለቱ ፈተና ለእርሱ ያን ያህል አይሠራም። ለእርሱ የአቀበቱ ምስክርነትና የክዳኑ ትንፋሽ ይበልጥ ይታመናሉ።

ከዚህ ጋር አንድ መለኪያ ላክል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የዘይቱ መጠን በመለኪያ ዘንጉ ላይ ምልክት ይደረግበት። ደብረ ብርሃን ደርሶ ሲመለስ በያው ሜዳ፣ በያው ሁኔታ እንደገና ይለካ። “ዘይት ትበላለች” የሚለው ስሜት በዚህ ጊዜ ቁጥር ይሆናል። ቁጥር ካለ ደግሞ ጥገናው ይዘገይ ወይስ አይዘግይ የሚለውን በምክንያት መወሰን ይቻላል። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎለት የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ለእርሱ ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ተፈጥሮው ነው።

ፋሻ ለምን ቶሎ ያልቃል የሚለውን ስንጠይቅ ወደ አየር ማጣሪያው እንመለሳለን። ከእርሻ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጡ የቆላ ጥርጊያ መንገዶች አቧራ ናቸው። ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ አየር ያንሳል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሾፌሩ ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ ማጣሪያውን ካወጣው ወይም የተቀደደውን ከተጠቀመ ጥቁሩ ጭስ በዚያው ቀን ይጠፋል፤ አቧራው ግን ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ፋሻውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከወራት በኋላ ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል። አንዱን ጭስ ያጠፋ መፍትሔ ሌላውን ወለደ ማለት ነው።

ነጭ ጭስ፦ ብርዱና ክዳኑ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይወጣል፤ በእንፋሎት መልክ። በደብረ ብርሃን የጥር ጠዋት ይህ እንፋሎት ከቀዝቃዛው አየር ጋር ሲገናኝ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ነጭ ሆኖም ይታያል። ያው መኪና እኩለ ቀን ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ምንም አይታይበትም። እንፋሎቱ አልቀነሰም፤ የሚያጤዘው ብርድ ነው የጠፋው። ስለዚህ ሞተሩ ሳይሞቅ የታየ፣ ሽታ የሌለው፣ ከማርሚታው ጥቂት ርቆ በቶሎ የሚበተን ነጭ ጭስ ጥገና አያስፈልገውም።

በናፍጣ ሞተር ላይ ዓይን የሚለበልብ፣ የናፍጣ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን ነዳጁ ሳይቀጣጠል እየወጣ መሆኑን ይናገራል። የማሞቂያው ካንዴላ አልሠራም፣ ወይም የፖምፓው ጊዜ ዘግይቷል፣ ወይም ኖዝሉ ይንጠባጠባል፣ ወይም እመቃው ደክሟል ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር የሚቀጣጠለው አየሩ ታምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ስለሆነ በስስና በቀዝቃዛ አየር ይህ ችግር ይጎላል። ቆላ ላይ የተደበቀ ድካም ደጋ ላይ ይገለጣል።

ሦስተኛው ዓይነት ነጭ ጭስ ከሁሉም የሚያሰጋው ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አያቆምም፤ የራዲያተር ውኃ ይጎድላል፤ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተጨመረበት ጣፋጭ ሽታ አለው፤ ዘይቱም ወተት የተቀላቀለበት ሊመስል ይችላል። ብዙውን ጊዜ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተጣሟል ማለት ነው። ነገር ግን ጓርኒሲዮን በራሱ ጊዜ አይቃጠልም። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ያቃጥለዋል። ያን ሙቀት ማን አመጣው የሚለው ካልተጠየቀ አዲሱም በሚቀጥለው አቀበት ላይ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ አቀበቱ እንደገና ይገባል። ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ውኃ በሸዋ ሮቢት 96 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ በጣርማ በር 89 ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ግን ክፍት ዕቃ አይደለም። ጤነኛ ክዳን በውስጡ ግፊት ይይዛል፤ 90 ኪሎ ፓስካል ያህል የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ጣርማ በር ላይ እንኳ 113 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ክዳኑ ካልያዘ ይህ ሁሉ መከላከያ ይጠፋል። የጫነ መኪና ከቆላ ሙቀት ተነሥቶ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ በራዲያተሩ ላይ የሚነፍሰው አየር ጥቂት ነው፤ የሞተሩ ሥራ ግን ከፍተኛ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደግሞ ውኃው ቀድሞ ለመፍላት ይዘጋጃል። ውኃው ሲፈላ እንፋሎት ብረትን እንደ ውኃ ስለማያቀዘቅዝ ቴስታታው ይጋላል። የዚህ ሁሉ መነሻ ላስቲኩ የደረቀ ትንሽ ክዳን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጓርኒሲዮን ያስለወጠ ሁሉ ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ ፋኑንና የራዲያተሩን ንጽሕና ሳያስመረምር አይነሣ። ለሾፌሮችም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የጋለ ሞተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም፤ በግፊት የተያዘው ውኃ በቅጽበት ፈልቶ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

መለኪያም ከፍታን ማወቅ አለበት

ጭሱ ከተነበበ በኋላ ጥርጣሬው ወደ ፋሻ ወይም ወደ ቫልቮላ ካዘነበለ መካኒኩ ኮምፕሬሽን ይለካል። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ትክክለኛው መሣሪያ የተሳሳተ ፍርድ ሊሰጥ መቻሉ ነው። በጥገና መመሪያ መጻሕፍት ላይ የሚታተሙት ቁጥሮች በአመዛኙ ለባሕር ጠለል የተሰጡ ናቸው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው ግን በዙሪያው ያለውን አየር ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ሸዋ ሮቢት ላይ 10.3 ገደማ፣ 2800 ሜትር አካባቢ ባለችው ደብረ ብርሃን 8.5 ገደማ ያሳያል። መመሪያው “ከ9 ባር በታች ከሆነ ሞተሩ ይታደስ” የሚል ከሆነ፣ ይኸው ሞተር በአንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ ጤነኛ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በሽተኛ ይባላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የመጽሐፉን ቁጥር በቦታው የአየር ግፊት ማረም ነው፤ ለሸዋ ሮቢት በ0.86፣ ለደብረ ብርሃን በ0.71 ማባዛት ለዕለት ሥራ ይበቃል። ሁለተኛው፣ እኔ የማስቀድመው፣ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማነጻጸር ነው። አራቱም 8.5 ከሆኑ ምናልባት የከፍታው ድምፅ ነው፤ ሦስቱ 8.5 ሆነው አንዱ 5 ከሆነ የትም ቦታ ቢሆን ሕመም አለ። በቤንዚን ሞተር ላይ በደከመው ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ቀሪውን ይናገራል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ስለዘጋ ነው፤ ካልተለወጠ ጥፋቱ በቫልቮላው ወይም በጓርኒሲዮኑ በኩል ነው። ይህን በናፍጣ ሞተር ላይ መሞከር አደገኛ ስለሆነ አይፈቀድም።

ሦስት ተሽከርካሪዎች

የተባለውን ሁሉ ለመፈተን ሦስት ተሽከርካሪዎች ሸዋ ሮቢት ካለ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆመዋል ብለን እናስብ። የሦስቱም ባለቤቶች “ሞተሩ መውረድ አለበት” ተብለዋል።

የመጀመሪያው ቱርቦ የሌለው የጭነት መኪና ነው። ከደብረ ሲና በላይ ጥቁር ያጨሳል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ንጹሕ ነው፤ ዘይት አይጎድልም። የአየር ማጣሪያው ይጸዳ ወይም ይለወጥ፤ የፖምፓው መጠን ተነካክቶ ከሆነ ወደ ቦታው ይመለስ። ሞተሩ አይወርድም።

ሁለተኛው የቤንዚን ሚኒባስ ነው። ቁልቁለቱን ጨርሶ ነዳጅ ሲሰጥና ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ያጨሳል፤ አቀበት ላይ አያጨስም። አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ኮምፕሬሽን አላቸው። የቫልቮላው ማኅተም ይለወጥ። ሞተሩ አይወርድም።

ሦስተኛው የናፍጣ ፒክአፕ ነው። አቀበት ላይ ያለማቋረጥ ሰማያዊ ያጨሳል፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በኃይል ይተነፍሳል፤ ደብረ ብርሃን ደርሶ ሲመለስ የዘይቱ ጉድለት በዘንጉ ላይ በግልጽ ይታያል። ይህ ሞተር ይውረድ። ግን ከመውረዱ በፊት የአየር ማጣሪያው መያዣ ይከፈትና በውስጡ አቧራ ያለፈበት ምልክት ይፈለግ፤ አለዚያ አዲሱ ፋሻ የአሮጌውን ዕድል ይወርሳል።

ከሦስቱ ለሁለቱ የተሰጠው ፍርድ ስሕተት ነበር። የሦስተኛው ትክክል ቢሆንም ምክንያቱ አልተጠየቀም።

መደምደሚያ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ባለንብረቱ ኪስ ነው። ጭሱን ግን የሚተነፍሰው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። መንገዱ በከተሞቹ መካከል ስለሚያልፍ በአቀበቱ ዳር ያለው ቸርቻሪ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅና ራሱ መካኒኩ ይጋሩታል። በዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ጭስ መመርመር ደግሞ ከጥላሸቱ ሌላ የማይታየውና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሰው ይገድላል። ምርመራው ሁልጊዜ አየር በሚናፈስበት ቦታ ይሁን።

ለተማሪዎቼ የምተወው የሥራ ልማድ አምስት ጥያቄዎችን ያቀፈ ነው። ጭሱ የታየው በምን ከፍታ ላይ ነው? ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቃት? አቀበት፣ ቁልቁለት ወይስ ሚኒሞ? ከዘይት፣ ከውኃና ከነዳጅ የቱ፣ በምን ያህል ጎደለ? ይህ ሞተር የአየሩን መጠን ለክቶ ራሱን ያስተካክላል ወይስ አያስተካክልም? እነዚህ ሳይመለሱ ብሎን አይፈታ። ሾፌሩንም አዳምጡት፤ መንገዱን በየሳምንቱ የሚመላለስበት እርሱ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ አራት ጥያቄዎች መልሱ ያለው በእርሱ ዘንድ ነው። የእናንተ ድርሻ አምስተኛውን መመለስና የሰማችሁትን ወደ ምክንያት መለወጥ ነው።